ወላጅ አምጣ

ዛሬ ጠዋት አንድ ተማሪዬን «ወላጅህን ሳታመጣ ክፍሌ አትገባም» ብዬ ደጅ አቆምሁት። የቤት ሥራውን ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ ነበር፤ የጓደኛው ስም እንኳ ሳይቀር።

በዕረፍት ሰዓት ምክትል ርእሰ መምህርቷ የሳምንቱን የትምህርት ዕቅዴን ይዘው መጡ። «ስማኝ መምህር፣ ዘንድሮም ዘጠነኛ ሐን ታስተምራለህ እንዴ?»

አላስተምርም። ዕቅዱን ከአምናው ደብተሬ ገልብጬዋለሁ፤ የክፍሉ ስም እንኳ ሳይቀር።

መምህር ከሆንሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በሳምንት ሠላሳ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ፤ ፈተና የማርመው ከላምበረት በምሳፈርበት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ይህን ለማመካኛ አልጽፈውም። ልጁም የራሱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ እኔ ግን አልጠየቅሁትም።

ልጁን አስገብቼ ጥፋቴን በተማሪዎቼ ፊት ተናገርሁ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ታዲያ ቲቸር፣ እርስዎስ ወላጅ አያመጡም?» አለች። ሳቁ እስከ ቢሮ ተሰማ።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በምሳ ሰዓት ለአባቴ ደወልሁ፤ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የሚኖሩ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ናቸው። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኋቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ነገ በስንት ሰዓት ልድረስ?» አሉኝ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ ለተማሪ ያወጣችሁት ሕግ ዞሮ እናንተኑ የያዘበት ቀን ካለ ከዚህ በታች ጻፉልኝ። እኔ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአባቴ ጋር በሩ ላይ እቆማለሁ።