እትዬ አስካለ የተረጎሙልኝ ፊልም

ደብሊን፣ ኖርዝላንድ ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አዛውንት ሴት በወጣትነታቸው ራሺያ ውስጥ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ትናንት ጠዋት ፊታቸውን ፓውደር ሲቀቡ ሽታው ደሴ ወሰደኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ዘንድ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እትዬ አስካለ ፓውደራቸውን ተቀብተው ቀበሌ አዳራሽ የራሺያ ፊልም ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ፊልሙ ላይ አንዲት ወጣት ባቡር ጣቢያ ቆማ አባቷን ታናግራለች። ቋንቋውን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

«ምን አለችው?» አልኳቸው።

«‹አባዬ፣ አታልቅስ፤ ያሰብኩትን ሳልሆን አልመለስም› አለችው» አሉኝ ሳያመነቱ። «አንቺም ስትሄጂ እንዲህ በይ።»

ይህንን ለአዛውንቷ አጫወትኳቸውና «እርስዎ ይሆኑ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳቁ። «በሦስት ፊልም ባቡር ጣቢያ ቆሜያለሁ። የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

እዚህ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ደብሊን ቢሮ ሲያጸዱ ኖሩ እንጂ አንድም ቀን ካሜራ ፊት አልቆሙም። ዘንድሮ ኮቪድ ጋብ ሲል ግን ፊልም የሚማሩ ወጣቶች አያት ሆነው እንዲተውኑላቸው ጠየቋቸው። ፓውደሩም ለዚያ ነበር።

«እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል» አሉና የሚተውኑት ንግግር የተጻፈበትን ወረቀት ሰጡኝ። «በይ፣ አንቺ የልጅ ልጄን ሁኚ።»

አነበብኩ፦ «አያቴ፣ ዛሬ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

ቀና ሲሉ በየቀኑ ገላቸውን የማጥባቸው ሴትዮ አልነበሩም። አንዲት የማላውቃት ሴት ዓይን ዓይኔን እያየች መለሰችልኝ።