ተረከዝ ለኪው

ያ የሩዝ አጨዳ ወር አይረሳም፤ በጃቫ ቆላ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፍ ነበር። ስሙን ማንም ያልጠየቀው ሰውዬ ገበያው መሀል ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የአጥንታቸውን ጥንካሬ ለማወቅ እያለ የመንደሩን ሴቶች ተረከዝ በትንሽ መሣሪያ እየለካ፣ አጥንት ያጠነክራል የሚለውን የዱቄት ወተት ይሸጣል። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። አንዱን እግር ነክቶ በጨረሰ ቁጥር እየተጸየፈ ጣቶቹን ይጠርጋል፤ ቀና ብሎ ፊት አያይም።

«እማማ፣ አጥንትዎ እንደ ቀርከሃ ባዶ ነው። ከወደቁ አለቀልዎት!» አላት የዳክዬ አርቢዋን የፓኒዬምን እህት ሱርቲን።

«ለሁሉም ቀርከሃ ነው የምትለው። የራስህንስ ለክተኸዋል?» አለችው ፓኒዬም። ሴቶቹ ሳቁ።

«የእናቴን ለክቼ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ወዲያው «ተረኛ!» ብሎ ጮኸ።

ነዶ ተሸክማ ትሮጥ የነበረችው ሱርቲ ከዚያ ቀን ወዲህ እሰበራለሁ ብላ ከአልጋ አልወርድ አለች። ወተቱን እየጠጣች እግሮቿ መነመኑ። አንድ ጠዋት ለሽንት ስትነሣ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ፓኒዬም የተረፈውን ወተት ለዳክዬዎቹ ስትደፋው አሸተቱትና ጥለውት ሄዱ።

ሰውዬው በመጨረሻ የታየው ሶሎ ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ የአሮጊቶች ተረከዝ ይለካ ነበር።