የአረሩ ሚዜ

ጋሼ ጠመንጃቸውን «በአፉ የሚጎርስ» ይሉታል። ሌላው ጠመንጃ ከኋላው ተከፍቶ ጥይቱን ይቀበላል፤ ይኸኛው ግን እንደ ሰው በአፉ ነው። መጀመሪያ ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈስሳል፣ ቀጥሎ አረሩ ይገባል፣ ከዚያ በረጅም ዘንግ እስከ ሆዱ ድረስ ይገፋል። አንዴ ይተኮስና እንደገና ከሀ ይጀመራል። «ጉርሻ የሚያውቅ ጠመንጃ ይኸ ብቻ ነው» ይላሉ ጋሼ።

እኔ የጋሼና የባለቤታቸው የእትዬ ተከራይ ነኝ። ቤታቸው ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም የሚባል ሰፈር ነው፤ ኡባኑ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከሥር ሲያልፍ የክፍሌ መስኮት በቀስታ ይንቀጠቀጣል። ፌኸንሃይም በሚባል ሌላ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ለማሽን የሚገቡ ዕቃዎች ልካቸው ትክክል መሆኑን እፈትሻለሁ። ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ አያያዝ የተማርኩት ቪዲዮ እያየሁ ነው። ብዙ አላወራም። ጋሼ ለዚህ ጉዳይ የመረጡኝም በሁለቱ ምክንያት ነው፤ «መለኪያ አለህ፣ አፍ የለህም» አሉኝ።

ጉዳዩ የመጣው ከሃንጋሪ ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ ናቸው። በተማሪነታቸው ዘመን አብሯቸው ደን ያጠና አንድ ሃንጋሪያዊ ወዳጅ አላቸው፤ አሁን የአደን መሬት አለው። እዚያ በአፉ በሚጎርስ ጠመንጃ አጋዘን ማደን ይፈቀዳል። ወዳጃቸው በየዓመቱ ይጋብዛቸዋል፤ በየዓመቱ ግን ለጋሼ የሚሰጣቸው ሥራ የአዳኞቹን ሾርባ ማማሰል ነው። ዘንድሮ «ጠመንጃዬን ይዤ ነው የምመጣ» ብለው ጻፉለት። መልሱ አጭር ነበር። በሃምሳ ሜትር ሦስት ጥይት፣ ሦስቱም መዳፍ በሚያህል ክብ ውስጥ፣ ፎቶውን ላክ። ካልሆነ ማማሰያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እየጠበቀህ ነው።

ጋሼ አልተቀየሙም። «እውነቱን ነው፤ አቁስሎ መልቀቅ ነውር ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግን እኔ ከሰባ አልፌያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት አማስላለሁ?»

ስለዚህ ለጠመንጃው የሚስማማ አረር መምረጥ የኛ ሥራ ሆነ። አረሩ ብቻም አይደለም። አረሩ ከጠመንጃው ቀዳዳ ስለሚቀጥን ቅጠሎች ያሏት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ይለብሳል። ኩባያዋ በቀዳዳው ውስጥ የተቀረጸውን ጠመዝማዛ ቦይ ይዛ አረሩን እያሽከረከረች ታወጣዋለች፤ ከአፈሙዙ እንደወጡ ቅጠሎቿ ይከፈቱና እሷ ትቀራለች፣ አረሩ ይሄዳል። ጀርመኖች ይቺን ኩባያ ትራይብሽፒግል ይሏታል። ሽፒግል መስታወት ነው። ለምን መስታወት እንደተባለች የጠየቅሁት ጀርመን ሁሉ ትከሻውን ነው የነቀነቀው።

የመጀመሪያው ጥቅል ሲመጣ ጋሼ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር እትዬን «ሽፒግሎቼ መጥተዋልና ከፖስታ ቤት አምጪልኝ» አሏቸው። እትዬ ባለጎማ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ሄዱ፤ ባዶ ጋሪ እየጎተቱ ተመለሱ።

«የታለ?» አሉ ጋሼ።

«መለስኩት።»

«ምን ማለት ነው መለስኩት?»

«ሽፒግል ነው ያልከኝ። ሳነቃንቀው ይንኮሻኮሻል። የተሰበረ መስታወት ፈርሜ ልቀበል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ መስታወት በእፍኝ ልክ ሳጥን ይመጣል?»

«ድቅቅ ብሏል አልኩህ እኮ!»

ጋሼ ያን ቀን ሽፒግል የሚለውን ቃል ከቤት አገዱት። «ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ሚዜ ነው» አሉ። «አረሩ ሙሽራ ናት። ሚዜው አጅቦ ከደጅ ያወጣታል፣ ከዚያ ይለቃታል። አልለቅም ብሎ አብሮ ከሄደ ሙሽራዋ መንገድ ትስታለች።» ስለ ትራይብሽፒግል ብዙ ማብራሪያ አይቻለሁ። ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

እኔ ሙሽሮቹን በትንሽ ሚዛን እየመዘንኩ፣ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን አንድ ላይ አደርጋለሁ። ሚዜዎቹ ግን አስቸገሩኝ። ፕላስቲክ በካሊፐር ሲያዝ ይጨመቃል፤ ትንሽ ጠበቅ ካደረጉት የፈለጉትን ቁጥር ይሰጣል። በመጨረሻ የተሻለው መለኪያ ጋሼ ራሳቸው ሆኑ። ተኩስ ሜዳው ላይ ዘንጉ በሁለት ጣት ሲወርድላቸው ሚዜው ልል ነው፣ እሳቱ በጎን ያመልጣል። ፊታቸው ከቀላ ጠባብ ነው። ልኩ፣ ጋሼ አንዴ ብቻ «እህ» ብለው የሚያወርዱት ነው። ሁለት ጊዜ እህ ካሉ ያን ዓይነት አስወግዳለሁ።

ተኩስ ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባሩድ የሚነኩት ፈቃዱ ያላቸው ጋሼ ብቻ ናቸው፤ እኔ በየተኩሱ መሀል የጠመንጃውን ውስጥ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ተኩስ ሲቆም ደግሞ የወደቁትን ሚዜዎች ሄጄ እለቅማለሁ። የሜዳው ተቆጣጣሪ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ለጋሼ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤ «ትራይብሽፒግሉን ያስገቡ፣ ሽፒግሉን ያልሙ፤ አደን ሲሄዱ ግን ሽፒግሉን አይምቱ።»

ጋሼ ወደኔ ዞረው ተረጎሙልኝ። ኢላማው መሀል ያለው ጥቁር ክብም ሽፒግል ነው። የአጋዘን ቂጥ ላይ ያለው ነጭ ጠጉርም በአዳኞች ቋንቋ ሽፒግል ነው፤ ጀርባዋን የሰጠች አጋዘን ላይ አይተኮስም፣ ትቆስላለች እንጂ ወዲያው አትሞትም።

«ሦስት መስታወት?» አልኩ።

«ቤት ያለውን ስትጨምር አራት።»

የለቀምኳቸውን ሚዜዎች በመዳፌ ይዤ ስመለስ ተቆጣጣሪው አስቆሙኝ። ፕላስቲክ ስለሆነ መለየት አለበት። ግን ወዴት? ቢጫው ማጠራቀሚያ ለማሸጊያ ብቻ ነው። ይህ ማሸጊያ ነው?

«አረሩን ጠቅልሎ ነበር» አሉ ጋሼ።

«አረሩ ሲሸጥ ግን በሱ ተጠቅልሎ አልተሸጠም።»

«ደርሶ ነው የሚፈታው። እንደ ቸኮሌት።»

«ቸኮሌት ከመድረሱ በፊት አይፈታም። ይኸ በመንገድ ላይ ነው የተፈታው።»

ክርክሩ ከተኩሱ በላይ ቆየ። ሚዜዎቹን ኪሴ ከትቼ ቤት ወሰድኳቸው። ጥሩ ሆነ፤ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳያቸው ነው ችግራችን የታየኝ። የብዙዎቹ ቅጠል እኩል አልተከፈተም፤ ግርጌያቸው ቀልጧል፣ አንዳንዱም ተበስቷል። ባሩዱ ሚዜውን ከታች እያቃጠለው ነበር። ለዚህ ነው ጥይቶቻችን ኢላማው ላይ እንደ ሰፌድ የሚበተኑት። ረጅም አረር ሞክረናል፣ አጭር፣ ሹል፣ ደነዝ፤ ባሩዱን ቀነስን፤ ሰፌዱ ጠበበ እንጂ መዳፍ አልሆነም። ከጉዞው በፊት የቀረን የሜዳ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል እትዬ ለወዳጃቸው ስልክ ሲያወሩ በክፍሌ በር በኩል እሰማለሁ።

«ምን ይሠራሉ ብለሽ ነው፣ ሚዜ ሲመርጡ ይውላሉ! … አረንጓዴው ጠበበ፣ ጥቁሩ ደግሞ ልል ሆነ። … ኧረ ተዪኝ፣ ሁለቱ ተቃጥለዋል! … አዎ፣ ልጁ ነው የሚመርጠው። ሙሽራዋንማ በሚዛን ነው የሚመዝናት!»

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እጄን ጨበጡ፤ አንዱ የሙሽራ ሱፍ የት በርካሽ እንደሚከራይ ነገረኝ። በማግስቱ የበሩ ደወል ተደወለ። የእትዬ የስልክ ወዳጅ፣ እማማ የምንላቸው ሴት ናቸው። ቁመታቸውን የሚያህል ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በኡባን ይዘውት መጥተዋል።

«እንኳን ደስ አለህ! ዝም ብለህ ዝም ብለህ ጉድ አደረግኸን። የማን ልጅ ናት?»

«ማን?»

«የምትመዝናት!»

ጋሼ ሶፋው ላይ በሳቅ ተጣጠፉ፤ ከሳቸው እርዳታ እንደማይመጣ ገባኝ። «እማማ፣ ሚዜ የተባለው ሰው አይደለም» አልኩ። «በጀርመንኛ ትራይብሽፒግል ነው የሚባል።»

«ታዲያስ!» አሉ እማማ ብርድ ልብሱን እየገለጡ። «ሽፒግል ነው ያመጣሁልህ!»

ባለእንጨት ክፈፍ ትልቅ የድሮ መስታወት ነበር። እትዬ በስልክ ያወሩት ምን ተብሎ እንደተሰማ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እኔ እንደገና ላስረዳ ብዬ ስለ ባሩድ ጀመርኩ፤ እማማ ግን ለሰርጉ ርችት እንደሚተኮስ ተረድተው፣ ይህ በጀርመን አገር ፈቃድ እንደሚጠይቅ አስጠንቅቀውኝ ሄዱ።

መስታወቱን ለመስቀል ስገለብጠው ጀርባው ግድግዳ እንዳይቧጥጥ አረንጓዴ ወፍራም ነገር ተለጥፎበታል። ዳሰስኩት። ከባሩዱና ከሚዜው መሀል ክብ የሱፍ ቁራጭ ቢገባ እሳቱን እንደሚያግድ አንብቤ ነበር፤ ሱፍ ካልሆነ ግን ራሱ ይቀልጣል። አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አነደድኩት። የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ። ሱፍ ነው።

«ጋሼ፣ የመስታወቱን ጀርባ ልቆርጠው ነው።»

«የሰርግ ስጦታህን?»

«ሰርግ የለም።»

«ለሙሽራዋ ስጦታ ያመጣ ሰው ካለ ሰርግ አለ» አሉና መብሻውን ራሳቸው አቀበሉኝ።

በመጨረሻው ቴርሚን ጋሼ ባሩዱን አፈሰሱ፣ አረንጓዴዋን ክብ አስገቡ፣ ሚዜና ሙሽራ አከታትለው አንዴ «እህ» አሉ። ተኮሱ። ጥቁሩ ክብ ውስጥ ቀዳዳ። ጠረግሁ፣ አጎረሱ፣ ተኮሱ። ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ። ሦስተኛውን ተኮሱ። ተቆጣጣሪው በመነጽር አዩ። «ሁለት» አሉ።

ጋሼ ጠመንጃውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ተኩስ ሲቆም ወደ ኢላማው ሮጥኩ። ሁለት ቀዳዳ፤ አንደኛው ግን ትንሽ ሞላላ ነው። ካሊፐሬን አወጣሁ፤ በአንድ በኩል ከአረሩ ይሰፋል። መንገድ ላይ የወደቀውን ሦስተኛውን ሚዜም አገኘሁት፤ ቅጠሎቹ እንደ አበባ እኩል ተከፍተዋል፣ ግርጌው ደህና ነው።

«ጋሼ፣ በዚያው ቀዳዳ አልፏል። ልኩ ይኸው። ሚዜውም ይመሰክራል።»

ሚዜውን ተቀብለው አገላበጡት። «አምንሃለሁ» አሉ። «ግን እኔ አላየሁትም። አጋዘኗን ሳገኝ አንተ ካሊፐር ይዘህ አጠገቤ የለህም።» እንደገና አጎረሱ። ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ፣ ሳይቸኩሉ አነጣጠሩ፣ ተኮሱ። ክቡ ውስጥ፣ ለብቻው፣ ማንም የሚያየው ቀዳዳ።

ፎቶውን ላክን። ከሃንጋሪ የመጣው መልስ «ና» የሚል ብቻ ነበር።

«ጾም ገብቷል እኮ፤ ብትገድላት ማን ይበላታል?» አሉ እትዬ ሻንጣ እያዘጋጁ።

«ፍሪዘር ውስጥ ገናን ትጠብቃለች» አሉ ጋሼ፣ በዚያው ጀርባው በተበሳሳው መስታወት ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ።

ሲመለሱ ሻንጣቸው እንደሄደ ነው የመጣው፤ ሥጋ የለም። ፊታቸው ግን በርቷል።

«አላገኟትም?» አልኩ።

«አገኘኋት። ሃምሳ ሜትር አትሞላም። ባሩዱ ደረቅ፣ ሚዜው በልኩ፣ ጣቴ ቃታው ላይ። እሷ ግን ሽፒግሏን ሰጥታኝ ቆመች። ነጭ ነው። ዞር በይ እያልኩ በልቤ ለመንኳት። አልዞረችም። ሄደች።»

«እና ወዳጅዎ ምን አሉ?»

«ከአዳኞቹ ማማ ላይ ሆኖ በመነጽር ያየኝ ነበር። ማታ ማማሰያውን ከግድግዳው አወረደና ሽፒግል ላይ ተኩሶ ላቆሰለ አንድ ጎረምሳ እንግዳ ሰጠው። ለከርሞ ጠመንጃህን አትርሳ አለኝ።»

እትዬ ስልኩን አንስተው ነበር። «ምን ልንገርሽ እህቴ» ሲሉ ሰማሁ፤ «ያ ሁሉ ሚዜ ተመርጦ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች!»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እማማ ሁለት እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። መስታወቱን እንዳልመልስ፣ ለሌላይቱ እንደሚሆን ነገሩኝ። ከመጀመሪያው ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ቦዩ፣ ስለ ኩባያዋ፣ ስለ ሱፉ። ጋሼ ከኋላዬ ሳል ሳል አደረጋቸው።

«አይዞህ ልጄ» አሉ እማማ፤ «ለከርሞ ፊቷን የምታዞርልህን ያምጣልህ።»

«አሜን» አሉ ጋሼ፣ ከኔ ቀድመው።