የጨረታው ጓጉንቸር

ፖሊሶቹ የወሰዱኝ ሚስቴ በወለደች ማግስት ነው። ወደ ጣቢያው እስር ክፍል ከመገፋቴ በፊት በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አየሁ፤ ወዲያው አወቅሁት። የታሰርኩት በእሱ ሰበብ ነበር። መርካቶ ውስጥ ጓጉንቸርና ብረታ ብረት እሸጣለሁ፤ ለፖሊስ ጣቢያው ጓጉንቸር ለማቅረብ ጨረታ ያሸነፈው የአንድ ሹም አማች ለናሙና ጥሩውን አሳይቶ ለጣቢያው መናኛውን ማስረከቡን በየሱቁ አወራሁ። «መንግሥትን አዋርደሃል» ተባልኩ። በንጉሡ ጊዜ ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ክስ አልነበረም።

ክፍሉ መስኮት የለውም፤ አየር የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ ነው። አጠገቤ እዚያው መርካቶ ጨርቅ የሚሸጡ፣ አስም ያለባቸው አዛውንት ነበሩ። ቀትር ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ከንፈራቸው ሲጠቁር በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

ዘበኛው መጥቶ ቁልፉን ከተተ፤ አልዞር አለው። ሲታገል ቁልፉ እውስጡ ተሰበረ።

«በድንጋይ በለው፣ ወንድሜ!» አልኩት በስንጥቁ።

«የመንግሥት ንብረት ነው። የጣቢያው አዛዥ ሻምበሉ ሳያዙ ብሰብረው እኔም ከእናንተ ጋር ነው የምገባው።»

«የት ናቸው?»

«ምሳ።»

ከውጭ ተሸካሚዎች «ዞር በል» እያሉ ያልፋሉ፤ ገበያው እንደ ወትሮው ነው። አዛውንቱ እጄን ጨብጠውኛል። «አይዞዎ ጋሼ» እላለሁ። በቃ ሞቱ ብዬ ነበር። በመጨረሻ ዘበኛው «የመጣው ይምጣ» ሲል ሰማሁ። አንዴ ቢመታው ጓጉንቸሩ ለሁለት ተከፈለ። አዛውንቱን ተሸክመን ነፋስ ላይ አወጣናቸው፤ ተረፉ።

ሻምበሉ በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። ስብርባሪውን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጓጉንቸሩ ደህና ነበር፣ ዘበኛው በእልህ ሰበረው በል። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ልጄን ገና አቅፌ አልጠገብኩም። ዘበኛው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

«ጌታዬ፣» አልኩ፣ «ከዚሁ ጨረታ ሌሎች ጓጉንቸሮችም ስላሉ፣ እነሱ ደህና ከሆኑ እርስዎ ከእኛ ጋር ይግቡና በአንዱ ይቆለፍብን።»

ሻምበሉ ጨለማውን ክፍል አየት አደረገ። አልገባም። በጥፊ አጮለኝና መልሶ አስገባኝ። ያን ቀን በሩን በሽቦ አሰሩት። ዘበኛው ሲያስር ሰምቼዋለሁ፤ አላጠበቀውም።

ከተፈታሁ ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም ጓጉንቸር እሸጣለሁ። የመኝታ ቤታችን በር ግን ቁልፍ የለውም። ሚስቴ «ሌባ ቢገባስ?» ትለኛለች።

«ይግባ፤ መውጫ አያጣም» እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። እኔ በሩ ገርበብ ካላለ እንቅልፍ አይወስደኝም።