ከፊት የከበደች መርከብ

አባቴን እድር ከለከሉት። ሌባ ይገባል፣ ሰካራም ይገባል፤ አባቴ ካሳዬ ግን አይገባም! ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ወር፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ከእኛ በላይ ያለው ቤት ለሙሉነሽ ደረሳት። ወይዘሮ ልላት አልችልም። ከዚያ ሁሉ ብሎክ ዕጣው እሷን እኛ አናት ላይ ይጣላት?

ባሏ እሸቴ የመርከብ ጭነት ኃላፊ ነበር፤ አባቴ ደግሞ መሪ ጨባጭ። በ1980 አሰብ ሊገቡ ሲሉ መርከቧ ከድንጋይ ተላትማ እሸቴ ሞተ። መሪው በአባቴ እጅ ነበር። ሙሉነሽ የምታውቀው ይህችኑ ነው። የብሎኩ እድር ሲቋቋም፣ «ባሌን የገደለ ሰው ሬሳዬን አይሸከምም» አለች። አባቴ ያኔ ሳንባውን ታሞ ደረጃውን ሦስት ጊዜ እያረፈ ነበር የሚወጣው። እድር የሌለውን ሰው ማን ይቀብረዋል?

እኔ ደግሞ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። የእድሩን ዳኛ ኦቦ ጀቤሳን ደጅ ጠንቼ፣ አባቴ እሑድ ስብሰባው ላይ እንዲናገር አስፈቀድኩ። «አባዬ፣ እውነቱን ብቻ ንገራቸው» አልኩት።

እሑድ አባቴ ውሃ የሞላ ሳፋ አስቀርቦ፣ በቁመቱ ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን ግማሹን እንደ መርከብ አንሳፈፈበት። መጀመሪያ መሐሉ ላይ እፍኝ ሚስማር አድርጎ በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ሚስማሩን ሁሉ ወደ ፊት ሰበሰበው። አፍንጫው ሰመጠ፣ ኋላው ተነሳ። አሁን ገፋ ሲያደርገው ዞረ፤ የሳፋውን ጠርዝ እስኪመታ መዞሩን አልተወም።

«ከፊት ስትከብድ ውሃው አፍንጫዋን በጎን እየገፋ ያዞራታል» አለ እያለከለከ። «መሪው ያለው ከኋላ ነው። ኋላዋ ሲቀል መሪው የሚይዘው ውሃ ያንሰዋል። አንዴ መዞር ከጀመረች እሺ አትልም። እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት፤ አልተመለሰችም።»

የሙሉነሽ ድምፅ ተለወጠ። «ታዲያ ከፊት ማን ነው የጫነው?»

መልሱን አባቴ ነግሮኝ አውቀዋለሁ። እሸቴ ነው! ልጁ አርባ ቀን ሊሞላው ነበር። ለክርስትናው ልድረስ ብሎ፣ አሰብ ላይ ቶሎ እንዲራገፍለት ሲሚንቶውን ከፊት አስደረደረው። አባቴ «ተው» ብሎት ነበር። ያ ልጅ፣ ገብረትንሣኤ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶት እናቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ አንገቱን አስግጎ ጀሪካኑን ያያል።

አባቴ ልጁን ትኩር ብሎ አየው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያስጫንኩት።»

ወይኔ አባዬ! «ውሸት ነው!» ልል ብድግ ስል እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው እንጃ። ኦቦ ጀቤሳም አቀርቅረው ስሙን ሳይመዘግቡ ደብተሩን ዘጉት።

በጥር ሞተ። ድንኳን የተከለለት የለም። አስከሬኑን ከሦስተኛ ፎቅ ያወረዱልኝ መገናኛ ሄጄ የለመንኳቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። ደረጃው ላይ ሳጥኑ ወደ ፊት አዘነበለ። ገብረትንሣኤ ከታች እየወጣ ነበር።

«ከፊት ከብዶናል፣ ያዝልን ወንድሜ!» አለው አንዱ።

እኔን አየኝ፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፈን።

«አባትህ እኮ ላንተ ክርስትና ብሎ ነው...» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሳጥኑን አየሁና ዋጥኩት።