በኦሪን ቀለሃዎች ላይ የታየው መስመር

ኦሪን ሃስኬት ሠላሳ ዓመት ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሰው ደብዳቤ ሳይከፍት ውስጡን መገመት ስለለመደ ይሁን እንጃ፣ የሚያምነው ፍጡር የለም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ወተት የት ድረስ እንደሆነ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። ቤቱ ውስጥ ከሚስቱ ከቨርዳ ሌላ ሰው የለም። "ታዲያ ምልክቱ ለማን ነው?" ብለው፣ "አንተ ጎረቤት አይደለህም?" አለኝ።

እዚህ አይዳሆ፣ በኛ ከተማ፣ ቅዳሜ ግማሹ ሰው ተኩስ ሜዳ ነው። ብዙዎቹ የተኮሱትን ባዶ ቀለሃ ለቅመው ቤታቸው እንደገና ባሩድ ይሞሉትና አፉ ላይ እርሳሱን፣ ተወርውሮ የሚሄደውን ጫፍ፣ ይሰኩበታል። ቀለሃ ሲተኮስ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከመሙላታቸው በፊት በእጅ መጭመቂያ ያጠብቡታል። ኦሪን ግን መጭመቂያው ጋራዡ ውስጥ እያለ አያጠብብም።

"በራሴ ሽጉጥ ተተኩሶ፣ በራሴ ሽጉጥ ልክ የሰፋ ነው" ይላል። "እግሬን የለመደ ጫማ ምን በወጣኝ አጠብባለሁ?"

"አንተ ደረቅ! ጫማው ሲወልቅብህ እናያለን" ይለዋል የልጅነት ጓደኛው ሜርል፤ እሱ ቀለሃውን እስከ ታች ድረስ ካላጠበበ እንቅልፍ አይወስደውም።

ወለቀም። ያልጠበበ ቀለሃ እርሳሱን ጨምድዶ አይዝም። ስድስት ጎራሹ ሽጉጥ ወደኋላ በመታ ቁጥር፣ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ወደፊት ይሾልክና የሚሽከረከረውን የጥይት ቤት ይቀረቅረዋል። ዘንድሮ በውድድር መሀል ሁለት ጊዜ ደረሰበት። የሜዳው ዳኛ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "ኦሪን፣ አንድ ጊዜ ከተደገመ አባልነትህ አበቃ። ከተቀረቀረ ሽጉጥ ጋር የሚታገል ሰው እዚህ አልፈልግም" አለው። ቅዳሜን ከኦሪን ብትወስድበት የሚቀረው ወተቱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቅዳሜ አለፈ፤ አንዴም አልተቀረቀረ። እሱም ደረቱን ነፋ። ዘጠነኛው ሊደርስ ሲል፣ ማክሰኞ ቀን፣ አንድ ቀለሃና ማጉያ መነጽር ይዞ በአጥር ጠራኝ።

"ና እስቲ፣ ይሄን እይ።"

ቀለሃው ወገብ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። ከመስመሯ በላይ ያለው ያብረቀርቃል፤ በታች ያለው ደብዛዛ ነው።

"የመጭመቂያ ምልክት ነው። ሰው ጋራዤ ይገባል!"

"ሌባ መጥቶ ቀለሃ አጥብቦልህ ይሄዳል?"

"ማን ሌባ አለ? ጠላት ነው።"

እየተንደረደረ ሜርል ቤት ሄደ፤ እኔም ምስክር እንዳይጠፋ ብዬ ተከተልኩ። ሜርል በረንዳው ላይ የበቆሎ እሸት ይግጣል።

"ዕቃዬን የምትነካው አንተ ነህ!"

ሜርል ቀለሃውን በማጉያው አየና እስኪያስለው ሳቀ። "እኔ ብሆን እስከ ታች ነበር የማወርደው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ምን ያቆመኛል? ይሄ አንተን የሚፈራ ሰው ሥራ ነው። ወይም የሚያዝንልህ።"

ኦሪን ቀላ። የትኛው እንዳናደደው አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ሰፈሩ እስኪሰማ "ፀጉሬን ልቆረጥ ነው!" ብሎ ወጣ። መኪናውን ከመታጠፊያው ጀርባ አቁሞ፣ በዚያ ዕድሜው፣ በግቢዬ በኩል ጎንበስ ብሎ ተመለሰ። በጋራዡ መስኮት አየን፤ ቨርዳ ሽርጧን እንዳሰረች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ የመጭመቂያውን እጀታ እስከ ግማሽ ሳብ፣ መለስ፣ ሳብ፣ መለስ ታደርጋለች።

"ቨርዳ!"

አልደነገጠችም። "ፀጉርህ እኮ አልተቆረጠም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዳኛው ካስጠነቀቀህ ማግስት።"

"አላጠብብም እያልኩ?"

"የታችኛውን መች ነካሁብህ? ላዩን ብቻ ነው፣ እርሳሱን እንዲይዝልህ። የኔ ጌታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ቤት ውስጥ ስትንጎራደድ ማየት አልችልም።"

"የራሴን ነው የምተኩሰው" ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ተኩስ ሜዳው ላይ ሁለት ካርቶን ጥይት ይዞ መጣ፤ አንዱን እሷ ያልነካችውን፣ ሁለተኛውን እሷ ያጠበበችውን። መጀመሪያ ከራሱ አንድ ጥይት አነሳና እርሳሱን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። እርሳሱ ቀለሃው ውስጥ ሰመጠ። ዞር ብሎ ማን እንዳየው ቃኘ። እኔ ደመና እያየሁ ነበር። ካርቶኑን ከደነና የቨርዳን ከፈተ።

ሠላሳ ተኮሰ፤ አንዴም አልቆመበትም። ዳኛው "ይሄ ሽጉጥህ ጨዋ ሆኗል" ብሎ ለሚቀጥለው ውድድር ስሙን ጻፈ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ቨርዳ በኩባያ የሎሚ ጭማቂ ቀዳችለት። ተቀበላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ባሩዱንስ? ባሩዱን አልነካሽም?" አላት።

"ምን አውቄ! እኔ የቀነስኩት ስኳርህን ነው።"

ኦሪን አንዴ ቀመሰ፤ ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ ኩባያውን እንደያዘ ሜርልን ጠርቶ፣ "ስኳሩ ቀንሷል?" ብሎ አስቀመሰው።