በኤቴልካ ራስ ውስጥ የምታንኳኳው ዕጢ

ቢላዋውን ከካርፕ ዓሣው ዓይኖች በላይ ታጋድማለች፤ አንዴ ገፋ ስታደርገው የራስ ቅሉ ክዳን ይነሳል። አንጎሉን በወረንጦ ጫፍ ቀና ታደርጋለች። ከሥሩ፣ ከአጥንቱ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከምስር ያነሰች ነጭ ዕጢ አለች። ሳትጨፈልቅ ለቀም፣ ማድረቂያው አሴቶን ጠርሙስ ውስጥ ጠብ። ዕጢዋ ደርቃ፣ ተፈጭታ፣ በጨው ውኃ ተበጥብጣ እንቁላል ያዘለች ዓሣ ስትወጋባት፣ በማግስቱ እንቁላሉ ይፈሳል።

ኤቴልካ በኮሮሽ ወንዝ ዳር፣ በዓሣ ማራቢያው፣ አሥራ አራት ዓመት የሠራችው ይህንን ነው። ሌላውን የምታስወልደው ሴት የራሷን ልጅ ስትመኝ፣ በሠላሳ ሰባት ዓመቷ ያለ እርግዝና የወር አበባዋ ቀረ።

ሐኪሟ የደም ምርመራውን ውጤት አየችው።

«ከአንጎልሽ ሥር ያለችው ዕጢ እንቁላል ማመንጫሽን ታዛለች። እሱ የሴት ሆርሞን ሲልክላት ሰምቶኛል ብላ ትረጋጋለች። ያንቺ እንቁላል ማመንጫ ግን መልስ መስጠት አቁሟል። ስለዚህ ባዶ ቤት እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ባልተከፈተላት ቁጥር አብልጣ ትደበድባለች። ይሄ ውጤቱ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ድብደባዋ ነው።»

«ዓሣዎቹ ተበቀሉኝ?»

«የምን ዓሣ አመጣሽብኝ! የጎደለውን ሆርሞን በእንክብል እንተካለን። ያለሱ አጥንት ይሳሳል፤ በእንክብሉ አጥንትሽ ይተርፋል፣ ዕጢዋም ረገብ ትላለች።»

«ልጁስ?»

«ተስፋው ትንሽ ነው፤ አልዋሽሽም።»

ኤቴልካ እንክብሉን መሳቢያ ውስጥ ወሸቀችው። ዕጢዋ ዝም ካለች ልጁን ማን ይጠራዋል? ከዚያ ወዲህ የዓሣ ራስ በከፈተች ቁጥር ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይሰማት ጀመር።

«አንቺ ልጅ፣ ዓሣውን ትቆርጪዋለሽ ወይስ ታዋሪዋለሽ?» ይላታል የሥራ ጓደኛዋ፣ ሽማግሌው ሎሪንስ።

በሁለተኛው ዓመት ጸደይ ባልዲ ስታነሳ አንሸራተታት፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

«በባልዲ? እናቴ በሰማንያ ዓመቷ ከጋሪ ወድቃ ልብሷን አራግፋ ነው የተነሳችው!» አለ ሎሪንስ።

ኤቴልካ አልሳቀችም። በዚያ እጅ ሠርታ ነው የምትበላው። መሳቢያውን ከፍታ እንክብሉን ዋጠች።

ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሩ ወረደ። ሐኪሟ ደስ አላት። ኤቴልካ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ አንድ ራስ ከፈተች፤ አዳመጠች። ምንም የለም። ሌላ ከፈተች። ምንም። ጸጥታው አስፈራት።

ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት፦

«በማራቢያው በኩል ስታልፉ አጎንብሼ ስሠራ ካያችሁኝ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ። አሁን ውስጤ የሚያንኳኳ የለም፤ ጮክ ብላችሁ ኤቴልካ በሉኝ።»